ብሪጅ ልበሳ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ «23 ዓመቴ ነው። ብሪጅ መበሳት ካማረኝ ዓመት አልፎኛል፤ ያው ከሁለቱ ዓይኖች መካከል፣ አፍንጫ አናት ላይ አግድም የሚደረገውን ማለቴ ነው። እናቴ አጥንት ይበሳል፣ ዓይንሽንም ያጠፋዋል ትለኛለች። ቀኑን ሙሉ መነጽር አደርጋለሁ። አፍንጫዬም ሰልካካ የሚባል ዓይነት አይደለም። አንድ ጓደኛዬ የራሷን አፍንጫ ራሷ ነው የበሳችው፤ አንቺንም እበሳሻለሁ ብላኛለች። ባይስማማኝና ባወጣው ጠባሳ ይተዋል? ደግሞ ከአምስት ሳምንት በኋላ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለኝ። ለዚያ ቀን ብቻ አውጥቼው መልሼ ላደርገው እችላለሁ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከእናትሽ ልጀምር፤ ግማሽ ልክ ናቸው። አጥንት አይነካም። መርፌው የሚያልፈው በቆዳው ውስጥ ብቻ ነው። አጥንቱ ከሥር እንዳለ ይቀራል። ዓይንሽንም መርፌው አይነካውም፣ የማየት አቅምሽም አይቀንስም። ግን ቦታው እናትሽን ያስፈራቸዋል፣ ለነገሩ እኔንም ያስፈራኛል። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስንወርድ እነግርሻለሁ።

ይህን ሥራ ከያዝኩ ዓመታት አልፈዋል። ጆሮ በሉት፣ አፍንጫ፣ ቅንድብ፣ እምብርት፣ ብዙ በስቻለሁ። እንደ ብሪጅ ሰው ወስኖ ጨርሶ የሚመጣበት ግን የለም። ፎቶ አይቷል፣ ወዶታል፣ አለቀ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያማል?» ሕመሙ እኮ ሰከንድ ነው። እኔ ብሆን የምጠይቀው «ቆዳዬ ይቀበለዋል ወይ?» ብዬ ነው። ቀጥሎም «እምቢ ካለ መቼ ላውጣው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆሮሽን ስትበሺ መርፌው በፊት ገብቶ በኋላ ይወጣል። ሎቲው የጆሮሽን ሥጋ ተሻግሮ ይቀመጣል። ብሪጅ እንዲያ አይደለም። ቆዳው በጣት ወይም በመቆንጠጫ ይነሳል። ጌጡ፣ ማለትም ሁለት ጫፉ ላይ ትንንሽ ኳስ ያለው የብረት ዘንግ፣ በተነሳው እጥፋት ውስጥ አግድም ያልፋል። ከዚያ ቆዳው ይለቀቃል። ሲለቀቅ ደግሞ ወደ ቦታው ተመልሶ መተኛት ይፈልጋል። ዘንጉ ብረት ነውና አይታጠፍለትም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሲገፋፉ ይኖራሉ።

እሾህ ወግቶሽ ውስጥ ቀርቶብሽ ያውቃል? ጥቂት ቀን ቆይቶ ሰውነት ራሱ ወደ ላይ እየገፋ ያመጣዋል። ብሪጅም ለሰውነትሽ እሾህ ነው፤ ወርቅ ብታደርጊበትም እሾህ ነው። አንዳንዱ ሰውነት ዙሪያውን በቆዳ ሸፍኖት ለዓመታት አብሮት ይኖራል። አንዳንዱ በጥቂት ወራት ውስጥ ገፍቶ ያስወጣዋል። ስለዚህ ተከራይ እንዳስገባሽ ቁጠሪው። አንድ ቀን ሊወጣ ይችላል፤ ሲወጣ ቤቱን ሳያፈርስ እንዲወጣ ማድረግ ነው ቁም ነገሩ። (በነገራችን ላይ በሙያው ውስጥ «ኧርል» ብለው የሚጠሩትም አሉ። ከመጀመሪያዎቹ የተበሱት ሰዎች የአንዱ ስም ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጊ በሁለቱም ስም ታገኚዋለሽ።)

አሁን ተነሺና መስታወት ፊት ቁሚ። እጅሽን ታጠቢ። መነጽርሽን አውልቂ። በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ ከሁለቱ ዓይኖችሽ መካከል፣ ከቅንድቦችሽ መስመር ዝቅ ብሎ ያለውን ቆዳ ቆንጥጪ። ቀስ ብለሽ ወደ ፊት ሳቢው። ቆዳው ከአጥንቱ ተለይቶ ይነሳል? በጣቶችሽ መካከል እርሳስ የሚያክል ለስላሳ እጥፋት ካገኘሽ ደግ ነው። ከበሮ ላይ እንደተወጠረ ቆዳ ከጣትሽ እየሾለከ አልነሳ ካለ ግን ነገሩ እዚያው አለቀ። የትም ብትሄጂ፣ ማንም ቢበሳሽ፣ አይቆይልሽም።

ጣቶችሽን ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ደግሞ ሞክሪ። ልዩነቱ ወዲያው ይታወቅሻል። የአፍንጫ ቆዳ ከግንባር ጋር በሚገናኝበት ላይኛው በኩል ወፍራም ነው። ወደ መሃል፣ አጥንቱ አልቆ ለስላሳው አጥንት ወደሚጀምርበት ስትወርጂ በጣም ይሳሳል። ብሪጅ ላይኛው በኩል የሚበሳው ለዚህ ነው። «ዝቅ ብሎ ቢሆን ያምርብኛል» የሚል ሰው በየጊዜው ይመጣብኛል። ያምርበት ይሆናል፣ ግን አይቆይለትም።

አፍንጫዬ ሰልካካ አይደለም ላልሽው፣ ያ ብቻውን አይከለክልሽም። ጎራዳ አፍንጫ ያላቸው ሰዎች አንዳንዴ ከሰልካካው የተሻለ የሚቆነጠጥ ቆዳ አላቸው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። አጥንቱ ከፍ ያለ ሰው ላይ ዘንጉ በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ጎን ብቅ ይላል፤ ጫፎቹም አየር ላይ ይሆናሉ። አጥንቱ ዝቅና ሰፋ ያለ ሰው ላይ ግን ዘንጉ ጠፍጣፋ ቆዳ ሥር እንደተቀበረ ይሆናል። ጫፎቹ ቆዳውን ይጫኑታል፣ የመገፋት ዕድሉም ይጨምራል። ለእንዲህ ዓይነት ፊት ትንሽ ጎበጥ ያለ ዘንግ የምንመርጥበት ጊዜ አለ። ይህን ሳላይሽ መወሰን አልችልም። ጥሩ ባለሙያ ቆንጥጦ፣ ዳስሶ፣ ከጎን አይቶ ይነግርሻል። አይሆንም ካለሽ ደግሞ አመስግነሽው ውጪ።

እኔ ራሴ «አይሆንም» ማለት ያልቻልኩበት ጊዜ ነበር። ሥራው ላይ ገና አዲስ ነበርኩ። አንድ ልጅ መጣ፤ ቆዳው አይነሳም። ከሩቅ ነው የመጣሁት ብሎ ለመነኝ። የተገኘችውን ስስ እጥፋት ይዤ በሳሁት። ሲወጣ በጣም ያምር ነበር። በአምስተኛው ወር ተመልሶ መጣ። በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ብረቱ ከሥሩ እያብረቀረቀ ይታያል። ያኔውኑ አወጣሁለት። ዛሬም ከዓይኖቹ መካከል አጭር ነጭ መስመር አለችው። የእሱ ጥፋት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቆዳው ካልተነሳ መርፌ አላነሳም።

ወደ መነጽርሽ እንምጣ፤ ያንቺ ትልቁ ጉዳይ ይሄ ይመስለኛል። ብዙ ሰው የሚፈራው አፍንጫ ላይ የሚያርፉትን ሁለት ትንንሽ ለስላሳ መደገፊያዎች ነው። እነሱ አብዛኛውን ጊዜ ከብሪጁ ዝቅ ብለው ስለሚያርፉ ብዙም አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው ሁለቱን መስታወቶች የሚያገናኘው የፍሬሙ መሃል ነው። እሱ በትክክል ኳሶቹ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጎንበስ ቀና ባልሽ፣ ባስነጠሰሽ፣ በሳቅሽ ቁጥር ይመታዋል። አንድ ቀን መምታቱ ምንም አይደለም። በቀን መቶ ጊዜ ለሦስት ወር ሲጫነው ግን ቆዳው ይሸሻል።

ስለዚህ ለመበሳት ስትሄጂ መነጽርሽን አድርገሽ ሂጂ። ባለሙያው መነጽሩን እንዳደረግሽ ምልክት ያድርግ፣ ከዚያ አስወልቆ እንደገና ይይ። የሽቦ መደገፊያ ያለው ፍሬም ከሆነ መነጽር ቤት ወስደሽ መደገፊያዎቹን ጠበብ ብታስደርጊ ፍሬሙ ትንሽ ከፍና ራቅ ይላል። ብዙ ጊዜ ችግሩ በዚህ ይፈታል። ወፍራም የፕላስቲክ ፍሬም ግን የሚስተካከል ነገር የለውም፤ በቀጥታ አፍንጫሽ ላይ ነው የሚቀመጠው። ያለሽ መነጽር እሱ ብቻ ከሆነና በቦታው ላይ በትክክል የሚያርፍ ከሆነ መጀመሪያ ፍሬሙን ቀይሪ፤ አለዚያ ብሪጁን እርሺው። ከተበሳሽ በኋላም መነጽር በሁለት እጅ ነው የሚደረገው፣ በሁለት እጅ ነው የሚወልቀው። በአንድ እጅ ላጥ አድርገሽ ስታወልቂው ኳሱን ይዞት ሲመጣ ምን እንደሚመስል እንድታውቂው አልፈልግም።

ጓደኛሽን በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ፤ አይሆንም። እንዳትቀየመኝ። አፍንጫ ክንፍ መብሳትና ብሪጅ መብሳት አንድ አይደለም። ክንፉ ላይ አንድ ቀዳዳ ነው፤ ትንሽ ቢዛነፍ ማንም አያይም። እዚህ ሁለት ቀዳዳ ነው፣ ያውም ፊትሽ መሃል። ሁለቱ እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው። ዘንጉም ከዳር እስከ ዳር እኩል ጥልቀት ሊኖረው ይገባል። በአንድ በኩል ሳሳ ካለ በዚያው በኩል ይገፋል።

መርፌውም ሌላ ነው። የመብሳት መርፌ ውስጡ ክፍት፣ ጫፉ በሰያፍ የተሳለ፣ ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ የሚያገለግል ነው። የልብስ መርፌ ቆዳውን እየገፋ ይቀድደዋል። «በእሳት አቃጥዬዋለሁ»፣ «አፍልቼዋለሁ» የሚባለውን ተዪው። መፍላት ሁሉንም ተሕዋስ አይገድልም። በአውቶክሌቭ ማለትም በእንፋሎትና በግፊት፣ በ121 ዲግሪ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ ወይም በ134 ዲግሪ ቢያንስ 3 ደቂቃ ነው መሣሪያ ከጀርም ነፃ የሚሆነው። ደም የነካ መርፌ የጉበት ቫይረስንም ኤችአይቪንም ያስተላልፋል። የጆሮ መበሻ ሽጉጡን ደግሞ ጭራሽ አታስቢው። ደነዝ ብረት በኃይል የሚያስገባ መሣሪያ ነው። ለዚህ ቦታ አልተሠራም፤ ፕላስቲኩም የአውቶክሌቭን ሙቀት አይችልም።

ቤቱን ስትመርጪ ዓይን አፋር አትሁኚ። መርፌው የታሸገበት ከረጢት ፊትሽ ይከፈት። ጓንት ሲቀየር እዪ። አውቶክሌቫችሁ የሚሠራ መሆኑን በምን ታረጋግጣላችሁ ብለሽ ጠይቂ፤ ጥሩ ቤት የምርመራ ውጤቱን ያሳይሻል። የዳኑ ብሪጆች ፎቶ አሳዩኝ በይ። አዲስ የተበሳማ ሁሉም ያምራል፤ ዓመት የሞላውን ነው ማየት። ጥያቄ ሲበዛበት የሚቆጣ ባለሙያ ካጋጠመሽ ቦርሳሽን አንሺ።

ብረቱ ላይ አትቆጥቢ። ለሰውነት ውስጥ መትከያ የሚሆን ቲታኒየም ይሻላል፤ ደረጃው ኤኤስቲኤም ኤፍ 136 ይባላል፣ ስሙን ጠርተሽ ጠይቂ። ኒኬል የሌለው ባለ 14 ወይም ባለ 18 ካራት ወርቅም ይሆናል። በወርቅ የተነከረ ግን አይሆንም፤ ቅቡ ይላጥና ከሥሩ ያለው ብረት ከቁስልሽ ጋር ይገናኛል። «ሰርጂካል ስቲል» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ብዙው ኒኬል አለበት፣ ኒኬል ደግሞ ብዙ ሰው ያሳክካል። የአውሮፓ ኅብረት ለተበሳ አካል የሚሠራ ጌጥ የሚለቀው ኒኬል በሳምንት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.2 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ በሕግ የገደበው ያለ ነገር አይደለም።

ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 1.6 ወይም 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። «ቀጭን ይሁንልኝ» የሚሉ አሉ። ቀጭን ክር ጣትሽ ላይ አጥብቀሽ ብታስሪ ምን ያደርግሻል? ይቆርጥሻል። ቀጭን ዘንግም ቆዳውን ቀስ እያለ እንደዚያው ነው የሚያደርገው። ቀለበትም አይሆንም፤ ይዞራል፣ ይጎትታል። ዘንግ ይሁን፣ ሁለት ጫፉ ላይ ትንንሽ ኳስ ወይም ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው።

ቀኑ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ፤ ማወቁ ያረጋጋል። በልተሽ ሂጂ። ፊትሽ ይጸዳል። ምልክት የሚደረገው ቀጥ ብለሽ ተቀምጠሽ ነው፤ ስትተኚ ቆዳው ይንሸራተታል። እኔ ሁለት ነጥብ አድርጌ ወደ ኋላ ሄጄ አያለሁ። ከዚያ ደንበኛው ፈገግ ይላል፣ ግንባሩን ይቋጥራል፣ ይፈታል፣ እንደገና አያለሁ። የማንም ፊት ሁለት ጎኑ እኩል አይደለም። አንዱ ዓይን ከፍ፣ አንዱ ቅንድብ ዝቅ ይላል። በቅንድብ ለክተሽ የበሳሽው ከዓይን ጋር ሲታይ የተንጋደደ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ምልክቱን በመስታወት ብቻ አትዪው። በስልክ ፎቶ አንሥተሽ እዪው፤ ሌላ ሰው የሚያይሽ እንደ ፎቶው ነው። ካልወደድሽው «ይጥፋና እንደገና» በይ። አራት ጊዜ ያጠፋሁበት ቀን አለ።

ከዚያ ቆዳው ይያዛል፣ ረጅም ትንፋሽ ትወስጃለሽ፣ ስትተነፍሺ መርፌው ያልፋል። ዘንጉ ይከተላል፣ ኳሱ ይታሰራል። እንባሽ ዱብ ዱብ ይላል። ማልቀስሽ አይደለም፤ የፊት ነርቭ ሲነካ ዓይን ራሱ ያነባል። ጎረምሳውም ጡንቸኛውም ያነባል። ደም ትንሽ ሊወጣ ይችላል። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ዓይንሽ ሥር አብጦ፣ ምናልባትም ጠቁሮ ልትነሺ ትችያለሽ። ቆዳው እዚያ አካባቢ ልል ስለሆነ እብጠቱ ወደ ታች ይወርዳል። በጥቂት ቀናት ይቀንሳል። ትራስሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ።

ኳሶቹ ይታዩኛል ወይ፣ ዓይኔስ ይንሸዋረራል ወይ የሚሉኝም አሉ። መጀመሪያ ሰሞን በዳር በዳር ይታዩሻል። ከዚያ ትረሺያቸዋለሽ። አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ ወደ ታች ተመልከቺ እስቲ፤ የራስሽ አፍንጫ ይታይሻል። ዕድሜሽን ሙሉ እዚያው ነበር፤ አእምሮሽ ነው የተወው። ኳሶቹንም እንደዚያው ይተዋቸዋል። መንሸዋረር የሚባለው ተረት ነው።

እንክብካቤው ቀላል ነው፤ ሰው ነው የሚያከብደው። የሚያስፈልግሽ ምንም ያልተጨመረበት፣ ከጀርም ነፃ የሆነ 0.9 በመቶ የጨው ውሃ ነው፤ ኖርማል ሳላይን የሚባለው። የሚረጭ ሆኖ ቢገኝ ይመረጣል። ቤት ውስጥ የሚበጠበጠው ጨው አብዛኛውን ጊዜ ይበዛና ቆዳውን ያደርቀዋል። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ትረጪዋለሽ። ቅርፊቱ ሲለሰልስ በንጹሕ ጎዝ ነካ ነካ አድርገሽ ታነሺዋለሽ። ከዚያ ይድረቅ። በቃ።

አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ አዮዲን፣ ቅባት አያስፈልግም። እያቃጠሉ ያጸዱ ይመስላሉ፤ የሚያቃጥሉት ግን አዲስ የሚበቅለውን ቆዳ ነው። ቅባቱ ደግሞ አየር ይከለክለዋል። ዘንጉን ማዞር የሚባለውም የድሮ ምክር ነው። ባዞርሽው ቁጥር ቁስሉን እንደገና ትከፍቺዋለሽ። በጥፍርሽም አትንኪው። የፊት ክሬም፣ ሜካፕ፣ የፀሐይ መከላከያ ከቀዳዳዎቹ ራቅ ብሎ ይቀባ። የትራስ ልብስ ቶሎ ቶሎ ይቀየር። በደረት መተኛት ለጥቂት ወራት ይቅር። ዋናም ይቆይልሽ። የመነጽርሽን ፍሬም መሃል ግን በየቀኑ በሳሙና እጠቢው፤ ሰው ሁሉ ቁስሉን ያጥብና ቀኑን ሙሉ የሚነካውን ፍሬም ይረሳዋል።

መጀመሪያ የሚደረገው ዘንግ ለእብጠቱ ተብሎ ረዘም ያለ ነው። እብጠቱ ሲጎድል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ተመልሰሽ ሂጂና በአጭር ይቀየርልሽ። ይህን ቀጠሮ የሚዘልሉት ብዙ ናቸው። ረጅሙ ዘንግ በፎጣ፣ በፀጉር፣ በሹራብ አንገት እየተጠለፈ ነው የሚበላሽባቸው። ከላይ የዳነ መስሎ የሚታየው በሁለት፣ በሦስት ወር ነው። ውስጡ ግን ስድስት ወርም ከዚያ በላይም ሊፈልግ ይችላል።

አሁን እናትሽ ወደፈሩት ነገር። ከአፍንጫ አናት እስከ ሁለቱ የአፍ ዳሮች ያለውን የፊት ክፍል ሐኪሞች አደገኛው ሦስት ማዕዘን ይሉታል። የዚህ አካባቢ ደም ሥሮች በዓይን ጉድጓድ በኩል አድርገው ከአንጎል ሥር ካለ ትልቅ የደም መተላለፊያ ጋር ይገናኛሉ። እዚህ የተነሳ ኢንፌክሽን ወደ ውስጥ ሊገባና ደም ሊያረጋ ይችላል። እምብዛም አይደርስም። ሲደርስ ግን ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ «ትንሽ መግል ነው፣ ይጠፋል» የሚባልበት ቦታ አይደለም።

መጀመሪያ ሳምንታት ላይ ቀላ ማለት፣ ትንሽ መሞቅ፣ ነጣ ያለ ፈሳሽ ወጥቶ ቅርፊት መሥራቱ የተለመደ ነው። መቅላቱ እየሰፋ ሲሄድ፣ ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ሲጨምር፣ ወፈር ያለ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል ሲወጣ፣ ያን ጊዜ ሐኪም ጋ ነው። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ሽፋን ማበጥ፣ ዓይን ወደ ፊት መውጣት ወይም ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ካለ ደግሞ አታድሪ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ዘንጉንም ራስሽ አታውጪው። ቀዳዳው ተዘግቶ መግሉን ውስጥ ሊያስቀረው ይችላል። ይውጣ አይውጣ የሚለውን ሐኪሙ ይወስን።

ከኢንፌክሽን ይልቅ የምትጠብቂው ግን መገፋቱን ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ብዙ ጊዜም አያምም። ስለዚህ በተበሳሽ ቀን አንድ ፎቶ አንሺ። ከዚያ በየወሩ በተመሳሳይ ብርሃን፣ በተመሳሳይ ርቀት ድገሚው። አስተያዪ። ዘንጉ ከበፊቱ የበለጠ ወደ ውጭ ታየ? ቀዳዳዎቹ ሰፉ? ሁለቱ ቀዳዳዎች ተቀራረቡ? በመካከላቸው ያለው ቆዳ ቀልቶ፣ ተላጦ፣ ሳስቶ ብረቱን ያሳያል? በቀዳዳዎቹ መካከል የቀረው ቆዳ ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ ካነሰ የሚጠበቅ ነገር የለም። ባለሙያ ጋ ሄደሽ አስወጪው።

ሰው ግን አያስወጣም። «ምናልባት ይመለሳል» ይላል። አይመለስም። መገፋት የጀመረ ብሪጅ ወደ ውስጥ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። ለጠባሳ ያልሽው መልስም እዚሁ ላይ ነው። በጊዜ ከወጣ ሁለት ትንንሽ ነጥቦች ይቀራሉ፤ ብጉር ትቶት የሄደ ዓይነት ምልክት ነው። ቆዳው እስኪቀደድ ከተጠበቀ ግን የሚቀረው አግድም መስመር ነው፤ ያ አይጠፋም። በኋላ እንደገና ልበሳ ብትዪም ጠባሳው ላይ መበሳት ከባድ ነው። እንዲሁም ጆሮሽ ወይም ሌላ ቁስልሽ ሲድን ከቦታው አልፎ እያበጠ ኬሎይድ የሚሆን ከሆነ፣ ወይም በቤተሰባችሁ ካለ፣ ሳትበሺ በፊት የቆዳ ሐኪም አማክሪ። ጥቁር ቆዳ ላይ ኬሎይድ በብዛት ይታያል።

መቆየት ያለባቸውም አሉ። ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚባለውን እንክብል የምትወስጂ ከሆነ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለሽ፣ ስኳርሽ ካልተስተካከለ፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ወይም ቦታው ላይ ብጉርና ሽፍታ ካለብሽ አሁን አይደለም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትሽንም እዪው።

የቀረው ቃለ መጠይቁ ነው። አይሆንም። በአምስተኛ ሳምንት ቁስሉ ገና ጥሬ ነው። አውጥተሽው ለሰዓታት ብትቆዪ ቀዳዳው ሊጠብ ወይም ሊዘጋ ይችላል። በግድ መልሰሽ ስታስገቢው ውስጡን ትቀጂዋለሽ፣ ጀርምም ታስገቢያለሽ። የማይታይ የመስታወት ዘንግ አለ፤ ግን ለዳነ ቀዳዳ ነው የሚሆነው። ፕላስተር መለጠፍም ከጌጡ የባሰ ዓይን ይስባል። ብቸኛው አማራጭ ባለሙያው ኳሶቹን በትንንሽ ጠፍጣፋ ጫፎች እንዲቀይርልሽ ነው፤ ያም ቢሆን ይታያል።

ስለዚህ ቃለ መጠይቁ ይቅደም። ሥራውን ካገኘሽ የአለባበስ ደንባቸው ምን እንደሚል ጠይቂ፤ ይፈቅዱ ይሆናል። እስከዚያው የመነጽርሽን ፍሬም አስተካክይ፣ ቆዳሽንም ደጋግመሽ ቆንጥጠሽ እዪው። ከአምስት ሳምንት በኋላም ሐሳብሽ ካልተቀየረ መነጽርሽን አድርገሽ ሂጂ።